ውሃ የሚተኛበት ሜዳ

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ዛሬም ፎቶ ኮፒ። የማሽኑን ክዳን ማንሳት፣ መክደን። የውሃ ምህንድስና ተምሬ ማዘጋጃ ቤት የሰጠኝ ሥራ ይኸው ነው። የኮንትራት ሠራተኛ አታጉረመርምም።

ከሰዓት ምን እንዳባዛሁ ልንገርሽ ደብተሬ፤ የራሴን ፕላን። የወንዙ ዳር መናፈሻ። ያለፈው በልግ ጭቃ ውስጥ እየገባሁ ለክቼ የሣልኩት። ስሜ የለም፣ የኃላፊዬ የአቶ ደረጀ አለ። ስሙንስ ይብላው። ግን የልጆቹን መጫወቻ አንስቶታል። እኔ ላይኛው ደረቅ መሬት ላይ ነበር ያደረግኩት። እሱ ታች አውርዶታል፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ። ላይኛው ላይ «ካፍቴሪያ» ይላል። የሚስቱ ወንድም ካፍቴሪያ። ጂንካ ውስጥ ይህን የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ቢሮው ገባሁ። ጠየቅኩት። ሳቀ። ልጅ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል አለኝ። ቀልድ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ማባበያው። ቅዳሜ የሕዝብ ውይይት አለ፣ ፕላኑን እኔ እንዳቀርብ። ሕዝቡ የራሱን የአሪ ልጅ ሲያይ ያምናል። ከዚያ ቋሚ ቅጥር። ጭንቅላቴን ሳይሆን ፊቴን ነው የፈለገው። እማዬ ቋሚ ስትባል እልል አለች።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ከአዳራሹ ገና መምጣቴ ነው፣ እየተቻኮልኩ እጽፋለሁ። ጽሑፌን ታገሺው።

እዚህ አገር ሽማግሌ የሚመርቀው ነገሩ ካለቀ፣ ሰው ከተስማማ በኋላ ነው። ከምርቃት በኋላ ለተቃውሞ አፍ የከፈተ ረገመ፣ ምርቃቱን ሰበረ ይባላል። ደረጀ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገልብጦ ጀመረ። መራቂው ሽማግሌ አባባ ጋልታ አሟቸዋል፣ ሳይደክሙ ቀድመው ይመርቁልን አለ። ሽማግሌው ለልጆች መጫወቻ ነው ተብለዋል፤ የት እንደሆነ ማን ነገራቸው? ለምለም ሣር ይዘው መረቁ። አሜን፣ አሜን። ከዚያ ደረጀ አስተያየት ካላችሁ አለ። አምና ፍራሻቸውን ከጎርፍ ያወጡ እናቶች መሬት መሬት ያያሉ።

ፕላኑን የማቅረቡ ተራ የእኔ ነበር። ተነሳሁ፣ መጫወቻው ያለው ውሃ የሚተኛበት ላይ ነው አልኩ። ልጆቻችሁን ይወስዳል አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ቀድማ ጮኸች፦ «ሳትወልጂ የሰው ልጅ ሞት ታወሪያለሽ?» ከኋላ አንዱ፦ «ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ባል ፈልጊና እሱን ለኪው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ጋልታ ብቻ አልሳቁም። «ምን አደረግኩሽ ልጄ?» አሉኝ። ያ ጥያቄ ነው የወጋኝ።

አጨበጨቡ። ፀደቀ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ኮንትራቴ ተቋረጠ። የበጀት እጥረት። እማዬ አታናግረኝም፤ ምሳዬን አስቀምጣ ትሄዳለች።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ከወንዙ በላይ፣ በደጋው ገዘር በኩል ሲዘንብ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ወንዙ ወጣ። ሜዳው ላይ ተኛ፣ እኔ በሣልኩት መስመር ልክ! ሰሞኑን የተተከሉት የዥዋዥዌው ብረቶች ከነሲሚንቷቸው ተነቅለዋል። ሰው አልተጎዳም። የእትዬ ሙሉን ፍየል ወስዷል። ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ፣ አልደብቅሽም። አሁን ይመጣሉ፣ ልክ ነበርሽ ይላሉ ብዬ ፊቴን ታጥቤ ጠበቅኩ።

መጡ። ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ወረደ። እትዬ ሙሉ ከበር፦ «አፍሽ ነው ያመጣው! ምርቃቱን ሰበርሽው!»

ሳቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

መጋቢት 14፣ እሑድ

እማዬ ከቸርች ተመለሰች። አጠገቧ የተቀመጠ የለም። ጌታን የተቀበሉ ሁሉ፣ እርግማን አንፈራም የሚሉ ሁሉ፣ አግዳሚውን ለእሷ ለብቻዋ ለቀቁላት።

እግሬ ላይ ወደቀች። ሽማግሌዎቹ ወስነዋል። የእርቅ ማር ይዤ ማክሰኞ ሕዝብ ፊት ቃሌን ላንሳ፣ እርግማኑ እንዲፈታ። አባባ ጋልታ እንደገና ይመርቃሉ፣ ሥራው ይቀጥላል። የት? እዚያው። ደረጀም ሰው ልኮብኛል፤ ይቅርታ ከጠየቅኩ ኮንትራቱ ይታደሳል። «አንድ ቃል ናት ልጄ፣ በድያለሁ በይ» ትለኛለች። የእናቴ ፀጉር በእጄ ላይ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

አባባ ጋልታ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ባላነሳውስ አልኳቸው። ምርቃቴ አይጸናም አሉ፤ ልጁን እዚያ ሜዳ የሚያደርስ ወላጅ አይኖርም፣ ሠራተኛም ድንጋይ አያነሳም። ግን ከእናትሽ እጅ ውሃ የሚጠጣ አይኖርም። አንቺንም ለጋብቻ የሚጠይቅ አይኖርም።

እስከ መቼ?

«ቃልሽን እስክታነሺ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ያሰብኩት የገባቸው ይመስለኛል። አልለመኑኝም፣ አልመረቁኝም። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ምህንድስናዬን አልሰሙም። እርግማኔን ይሰማሉ። እንግዲያው እሱን እሰጣቸዋለሁ።

እማዬ ማሩን ገዝታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፣ በነጠላ ሸፍናዋለች። ነገ እሄዳለሁ። ማሩን አልይዝም። ሁሉም ሲሰበሰብ፣ ደረጀም ፊት ለፊት ሲቀመጥ፣ ያን ቃል እደግመዋለሁ። ጮክ ብዬ፣ በአሪኛም በአማርኛም። ቃሌንም እስክሞት አላነሳም።

ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ጤነኛ ነኝ።