በመጋዘን ቁጥር አራት ውስጥ ስለምትገኘው ልጄ

አሰብ፣ መስከረም 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደስታው
የልደት መዝገብ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እየጠየቅሁ፣ የትናንቱን የመስቀል በዓል ከነቤተሰብዎ በደስታ አሳልፈው እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ የአሰብ ሙቀት በአዲሱም ዓመት ሳይራራልን ቀጥሏልና፣ ከራስዎ በላይ የሚዞረው ማራገቢያ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይቆምብዎ ዘወትር ምኞቴ ነው። እኛ በመስኮቱ በኩል የምንቆም ሰዎች ነፋሱ ባይደርሰንም ድምፁን እየሰማን እንጽናናለን።

እኔ ሣህሉ ወርቅነህ እባላለሁ። በወደቡ ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ጭነት ስቆጥር ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ፊቴን ባያውቁት አልቀየምም፤ ከነሐሴ 5 ቀን ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ድረስ ብመላለስም፣ እርስዎን ለማየት የታደልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት ጀርባዎን ነው። ነገሬን በቃል ማድረስ ስላልሆነልኝ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ይህንን ደብዳቤ ጽፌ ለእርስዎ ልኬ አንድ ቅጂ ደግሞ በወደብ ሠራተኞች ክበብ ሰሌዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ወደ እርስዎ የሚሄደው ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ እስኪደርስ የክበቡ ሰዎች ቀድመው ቢያነቡት በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ልጄ ዓለምዘውድ ሣህሉ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ትምህርቷን በጥሩ ውጤት አጠናቅቃ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ሆኖም የልደት መዝገቧን ባለማኅተም ቅጂ ይዛ እስከ መስከረም 25 ቀን ካልቀረበች ቦታዋን ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም አስታውቆናል። ወዳጄ ሾፌሩ በዛብህ ሐሙስ መስከረም 21 ቀን ወደ አዲስ አበባ ጭነት ይዞ ሲነሣ ከጎኑ ሊያስቀምጣት ቃል ገብቶልናል። እንግዲህ የቀረን ሦስት ቀን ሲሆን፣ የጎደለንም አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። ጊዜዎን እንዳላባክን አቤቱታዬን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መዝገቡ በመገኘቱ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። የ1946 ዓ.ም. የልደት መዝገብ ለአራት ሳምንት ያህል በሣጥንም፣ በመደርደሪያም፣ በጓዳም ተፈልጎ ከጠፋ በኋላ፣ የመስኮታችሁ መዝጊያ በነፋስ እንዳይላተም ደግፎ የያዘው ወፍራም መጽሐፍ እርሱ ራሱ ሆኖ ተገኝቷል። አራቱንም ሳምንት ክርኔን ያሳረፍኩት በእርሱ ላይ ነበር። ለሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ አመሰግነዋለሁ።

ሁለተኛ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለ ሆነ ራሴን አልደብቅም። በ1946 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የልደት መዝገቡ ተጽፎ አልቆ፣ አዲስ እስኪመጣ የዚያን ጊዜው መዝጋቢ አቶ ተክለጻድቅ የሚጽፉበት አጥተው ተቸግረው ነበር። ሕፃናቱ ደግሞ መዝገቡ እስኪመጣ እንጠብቅ አላሉም። አቶ ተክለጻድቅ ባዶ መዝገብ እንዳገኝላቸው ሲለምኑኝ፣ እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ከወደቡ አንድ ትርፍ የገቢ ዕቃ መዝገብ አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ ዘንድሮ የመስኮት መዝጊያ ደግፎ የተገኘውም እርሱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያኔ አላስታወስኩትም። በዚያ መዝገብ ከተጻፉት ሕፃናት የመጀመሪያዋ የእኔው ልጅ ሆነች። አቶ ተክለጻድቅ በታተመው ዓምድ መሠረት እየጠየቁኝ፣ እኔም በደስታ ብዛት ራሴን ስቼ እንደ ሥራዬ ልማድ እየመለስኩላቸው፣ የሚከተለው ተጽፎ ይገኛል።

የዕቃው ዓይነት፦ ሴት ልጅ። ብዛት፦ አንድ። ክብደት፦ ሦስት ኪሎ ከሩብ። የዕቃው ሁኔታ፦ ስብራት የሌለበት፣ ያልረጠበ። አስረካቢ፦ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ተረካቢ፦ ሣህሉ ወርቅነህ፣ ፈርሜ ተረክቤአለሁ።

ያልረጠበ የሚለው ያን ዕለትም ቢሆን እውነት እንዳልነበረ ሸሚዜ ምስክሬ ነበር። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ዘንድሮ ይህንን ሳነብላት፣ «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ፈራሚው አንተ?» ብላኝ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ይህኛውን በእርስዎ ላይ አላመካኝም።

ሦስተኛ፤ መሥሪያ ቤትዎ ይህንን ጽሑፍ ካየ በኋላ፣ በገቢ ዕቃ መዝገብ የሰፈረ ነገር ሁሉ ዕቃ እንጂ ልደት ስላልሆነ ጉዳዩ እኛን አይመለከትም ብሎ ወደ ወደቡ ዕቃ ግምጃ ቤት መርቶኛል። የግምጃ ቤቱ ሹም ምንኛ ቀልጣፋ ሰው ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ጽፈውልኛል። በመልሳቸውም፣ በተጠቀሰው ቁጥር አንድ ዕቃ መግባቱ በመዝገብ የተረጋገጠ መሆኑን፣ የመውጫ ፈቃድ ግን ያልተጻፈለት በመሆኑ እስከ ዛሬ በመጋዘን ቁጥር አራት ውስጥ እንዳለ የሚቆጠር መሆኑን ገልጸዋል። አባት ነኝና ሄጄ መጋዘኑን አየሁት። ሲሚንቶ ብቻ ነው ያለው። ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ስገባ ዓለምዘውድ ልብስ ስትተኩስ ስላገኘኋት፣ የማምነው ሹሙን ይሁን ዓይኔን ለጊዜው ቸግሮኝ ነበር።

መሥሪያ ቤትዎ ግን አልተቸገረም። የግምጃ ቤቱን መልስ መሠረት አድርጎ፣ በቁጥር 214 በተጻፈ ደብዳቤ፣ ልጅቱ መወለዷ በሦስት ምስክሮች እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳልተወለደች እንድትቆጠር፣ ምስክሮቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ልደት የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያቀርቡ፣ የራሱ መወለድ ያልተረጋገጠ ሰውም ስለ ሌላ ሰው መወለድ ሊመሰክር እንደማይችል ወስኗል። ውሳኔውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም።

አራተኛ፤ ስለ ምስክሮቼ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄን በእጃቸው የተቀበሉት የበይሉሏ አዋላጅ እናታችን አሊማ ናቸው። ለእኔ ሲሉ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ግማሽ ቀን ተጉዘው መጥተው፣ መስኮቱ ፊት ቆመው የልደት ወረቀት ሲጠየቁ፣ «እኔን እናቴ ናት የወለደችኝ፤ ወረቀት አልወለደኝም» አሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ይሁን ሰማንያ እርሳቸውም አያውቁት። ከዚያም የመስኮቱን ጸሐፊ ትኩር ብለው አይተው እርሱንም ያዋለዱት እርሳቸው መሆናቸውን፣ በእግሩ መጥቶ እናቱን ሁለት ቀን እንዳስጨነቃት፣ ያን ዕለትም እንደ ዛሬው ምንም እንዳልቸኮለ በወረፋው ሁሉ ፊት ነገሩት። ጸሐፊው ቃላቸውን አልጻፈላቸውም።

ሁለተኛው ከላይ ያነሣሁት በዛብህ ነው። ያን ዕለት የጫነውን ጨው አቁሞ እናታችን አሊማን ከባሕሩ ዳር በመኪናው ያመጣልን እርሱ ነበር። ወልድያ በኩል ሲያልፍ ከተወለደበት አጥቢያ ደብር የተጠመቀበትን ማስረጃ አጽፎ መጣ። በማስረጃው ላይ ግን እንደ ደንቡ የሰፈረው የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ስለ ነበረ፣ ኃይለ ሚካኤል የተባለው ሰው መወለዱ በሚገባ እንደ ተረጋገጠ፣ ስለ በዛብህ ግን የቀረበ ነገር እንደሌለ፣ የሚሻለውም ኃይለ ሚካኤል ራሱ ቢቀርብ እንደ ሆነ ተነገረን። በዛብህ ወደ ውጭ ወጥቶ ወዲያው ተመልሶ ገብቶ «ቀረብኩ» አለ። አልተሳካለትም።

ሦስተኛው ሕፃኗን በስኳር ሚዛኑ የመዘነልን ባለሱቁ ጎረቤቴ ሽኩር ነው። የእርሱ ወረቀት ሙሉ ነው፤ ማኅተሙም ያበራል። ነገር ግን በወረቀቱ መሠረት ልጄ ስትወለድ ሽኩር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ለምስክርነት አይበቃም ተባለ። ዕድሜው እንዴት እንዳነሰ እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ባለቤቱ ረቢዓ ሰሌዳውን ታነባለችና። ጸሐፊው ግን ሽበቱን አይቶ ሲያበቃ ወረቀቱን አመነ።

አምስተኛ፤ ይህኛው ከአቤቱታ የሚቆጠር አይደለም። በነሐሴ ወር ለምሳ ቤት በገባሁ ቁጥር ዓለምዘውድ በሩ ላይ ተቀብላ፣ «አባዬ፣ ዛሬስ ተወለድኩ?» ትለኝ ነበር። እኔም «ምጡ ጠንቶባቸዋል፣ ትንሽ ታገሺ» እላት ነበር፤ ሦስታችንም ስቀን ምሳችንን እንበላለን። ካለፈው ዓርብ ወዲህ ግን መጠየቋን ትታለች። ሻንጣዋን ከአልጋው በታች ገፍታው አየሁ። ከእናቷ ጋር ስትነጋገር፣ የከተማው ጽሕፈት መኪና ማስተማሪያ መቼ እንደሚጀምር ስትጠይቃት ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ በመስኮትዎ ሥር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ስቆም እግሬ ደክሞኛል እንጂ ልቤ አልደከመም ነበር። ዓርብ ዕለት ግን ልቤ ደከመ። ይህች ልጅ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ከነርስነት ሌላ ምንም ተመኝታ አታውቅም፤ ያ ሁሉ ምኞት እኔ ባመጣሁት መዝገብ ምክንያት ሊቀርባት ነው ብዬ አዝናለሁ፣ እፈራለሁም።

ስድስተኛ ብዬ የምጨምረው ነበረኝ፤ ስለ መሥሪያ ቤትዎ ቁልፍና ቁልፉን ስለሚይዘው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ግን ውኃ ስለሚያጠጣን ትቼዋለሁ።

እንግዲህ እስካሁን ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ትዕግሥትን አስተምሮኛል፤ ከከተማው ሰው ከግማሽ በላዩን በወረፋ አስተዋውቆኛል፤ ልጄ ምን ያህል እንደምትመዝን ከረሳሁት በኋላ እንደገና አሳውቆኛል። እርስዎም በጎ ፈቃድዎ ቢሆንና ከሐሙስ በፊት ፊትዎን ወደ መስኮቱ ቢመልሱ፣ ከመዝገቡ ገልብጬ የያዝኩትን ወረቀት በአንድ ማኅተም ሊባርኩት ይችላሉ። ማኅተሙ ጠረጴዛዎ ላይ በቀኝ በኩል መቀመጡን በመስኮቱ አይቻለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎን በር በማንኳኳት ጉልበቱን የጨረሰው፣ ሆኖም አክብሮቱ ያልተቀነሰው፣ ትሑት አገልጋይዎና በመዝገቡ ላይ ዕቃውን ፈርሞ የተረከበው፣

ሣህሉ ወርቅነህ
ጭነት ቆጣሪ

ግልባጭ፦
ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም (ሲሚንቶውን እንዲቆጥሩት)
ለእናታችን አሊማ፣ በይሉል (የሚያነብላቸው ሲገኝ)
ለኃይለ ሚካኤል (በበዛብህ በኩል)

ማስታወሻ፤ ጳጉሜን 3 ቀን ባለቤትዎ ወይዘሮ ትሩፋት ወንድ ልጅ በሰላም ስለ ተገላገሉ፣ እንኳን ማርያም ማረቻቸው ማለት ከሁሉ በፊት ይገባኝ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ በዚያች ሰዓት ጭነት እግሩን የመታውን የወደብ ሠራተኛ ልታይ ወጥታ ስለ ነበረ፣ ልጅዎም እንደ እኛ መጠበቅን ስላልለመደ፣ ክረምቱን በጣቢያው ያለ ደመወዝ ስታግዝ የቆየችው ዓለምዘውድ በሁለት እጇ ተቀብላዋለች። ነርሷ ተመልሳ በደረሰች ጊዜ እትብቱ ታስሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በእናቱ ደረት ላይ ተኝቶ ነበር። ጣቢያው ለመሥሪያ ቤትዎ በሚልከው የወሊድ ማስታወቂያ ላይ ሲወለድ አይቻለሁ ብላ የፈረመች ብቸኛ ምስክርም ልጄ ናት። መሥሪያ ቤትዎ በቁጥር 214 እንደ ወሰነው፣ የራሷ መወለድ ያልተረጋገጠ ሰው ስለ ሌላው መወለድ ልትመሰክር ስለማትችል፣ ልጅዎም ገና አልተወለደም ማለት ነው። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ ከኋላዬ ያለውን ቦታ ለእርሱ ይዤለታለሁ።