ግማሹ የት ገባ?

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቡድኑን ከፈትኩ።

ስሙ «ቲዎሪ ብቻ»። ዋትሳፕ ላይ። አባላቱ ሁለት፤ እኔና ባራሳ።

እዚህ ኪሱሙ፣ የመምህራን ክፍል ተቀምጬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼን፣ የፎርም ቱን፣ የፊዚክስ ደብተር ሳርም ነበር የደወለው። ባራሳ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ኤልዶሬት ኮሌጅ ያስተምራል። «አቾላ፣ ማንም ሳያዝሽ ቁጭ ብለሽ የሆነ ነገር ያሰላሽው መቼ ነው?» አለኝ። ቆጠርኩት... ሃያ ሁለት ዓመት። የቲዎሪ ፊዚክስ ማስተርሴን አቋርጬ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ማለት ነው። ሳልመልስለት ስልኩን ዘጋሁና ቡድኑን ከፈትኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 9

መቶ አርባ ሰው። በሦስት ቀን፤ መግቢያው ከስልክ ወደ ስልክ ዞሮ። ከሞምባሳ፣ ከንየሪ፣ አንዱ ከካምፓላ። አስተማሪው፣ ተማሪው፣ አንዲት መነኩሲት፣ አንድ የመብራት ሠራተኛ። ምሳ መብላት ረሳሁ።

ሌላም አለ... አንዱ ጫጩት ይሸጣል። አንድ ፓስተር የጽንፈ ዓለሙን ቀመር በሕልሙ አይቷል፤ አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ላከ። ባራሳ «ፓስተሩ ይቆይ፣ ቢያንስ ያስባል። ጫጩቱን አስወጪ» አለኝ። ሁለቱንም አስወጣሁ።

ሕግ ጻፍኩ። አንድ፦ የራስህን ጽንፈ ዓለም ፈጥረህ አትምጣ። ሁለት፦ ሸቀጥ የለም። ሦስት፦ ዩኒት የሌለው ቀመር አይለጠፍም። ሜትር ከሆነ ሜትር፣ ኪሎ ከሆነ ኪሎ፤ የግራና የቀኙ ዩኒት ካልገጠመ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ የጣሰ ይወጣል።

ሦስተኛዋን በጣም ወደድኳት። ሃያ ሁለት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ስጽፍ የኖርኩት እሷን አይደል? ባራሳ ሳቀብኝ። «ቡድን ነው የከፈትሽው ወይስ የፈተና ክፍል?»

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

የመጀመሪያው ጥያቄ ወጣ። የኮከብ ብርሃን በፀሐይ ጥግ ሲያልፍ ምን ያህል ይታጠፋል? መጽሐፍ መክፈት የለም፣ ኢንተርኔት ማየት የለም። ከባዶ፣ በራሳችን።

እስከ ማታ ሠላሳ ሰው ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ። መነኩሲቷ በሻይ መጠቅለያ ጀርባ ላይ ነው የሠራችው። ክፍል ውስጥ ስለ ሊቨር፣ ስለ ማንሻው ዘንግ፣ እያስተማርኩ ፈገግ ስል ልጆቹ አዩኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 19

ግማሽ። ለሁላችንም የሚመጣው ግማሽ ነው። በቴሌስኮፕ የተለካው እኛ ካሰላነው ልክ እጥፍ።

የስሌት ስሕተት ቢሆን ኖሮ የተዝረከረከ ቁጥር ይመጣ ነበር። ልክ ግማሽ ከሆነ ግን... የረሳነው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ብቻ፤ ካገኘነው ጋር እኩል የሆነ። ምን?

የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ እያማሰልኩ አስብ ነበር። ባሌ ኦኩሙ ከበሩ ላይ፦ «የፊቢ እናት፣ አረረ እኮ።»

«ግማሹ የት ገባ?» አልኩት።

«እኔ አልበላሁትም።»

ዓርብ፣ ሜይ 23

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባል። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል አምስት ደቂቃ ነበረኝ፤ ሃምሳ ስድስት መልእክት።

«ኤ.ኤ.» የሚባል አለ። ፎቶው የጭነት መኪና ነው። አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ለጥፏል። የመጨረሻውን መስመር አየሁ። አራት ሲባዛ በፀሐይ መጠነ ቁስ፣ ሲካፈል ለርቀት። ኪሎ ለሜትር መሆኑ ነው። የተጠየቀው ማዕዘን! ማዕዘን ደግሞ ኪሎ የለውም።

አጠፋሁት። ሦስተኛው ነው፤ ማክሰኞም ረቡዕም እንደዚሁ ነበር የላከው። ትናንት «ዩኒቱ የታለ?» ብዬ ጽፌለት «እዚህ ላይ አያስፈልግም ቲቸር» አለኝ። አያስፈልግም... የፎርም ዋን ልጅ እንኳን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

አስወጣሁት። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ። እውነቱን ልጻፍና ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

መቶ ስድሳ። በቀን አሥር አሥር ይወጣሉ። ስለ ግማሹ የሚጽፍ የለም። አንዱ «መልሱን ንገሩንና እንረፍ» አለ።

ባራሳም ሰለቸው። «እስከ እሑድ ካልተፈታ መጽሐፉ ይከፈት። ካልሆነ እኔም የለሁበትም።» መጽሐፍ ከተከፈተ እንደ ማንኛውም ማጠናከሪያ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። እሱ ሞልቶኛል። ከዚያ በኋላ ምን ይቀረኛል? የፎርም ቱ ደብተር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31

ባራሳ በጠዋት ደወለ። «ተቀመጪ» አለኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ያ ባለ መኪናው፣ ያስወጣሽው ሰውዬ... አንቺ ብታጠፊውም ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ ቀርተዋል። አሁን ነው ያየኋቸው።»

«እሺ?»

«የብርሃንን ፍጥነት አንድ ብሎ ነው የተነሣው። የስበቱንም ቁጥር አንድ። ገጽ አንድ፣ መስመር አንድ ላይ ጽፎታል።»

ቲዎሪ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። የብርሃንን ፍጥነት አንድ ይለዋል፤ ቀመሩ ያጥራል፣ ዩኒቱም አብሮ ይጠፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመልሰዋል። እኔም በማስተርሱ ጊዜ ሁለት ዓመት የጻፍኩት እንደዚያው ነው። ረስቼው ነው? አይደለም። የመጨረሻውን መስመር ብቻ ስላየሁ ነው። ብሔራዊ ፈተና ሳርም እንደማደርገው... መልሱን፣ ዩኒቱን፣ ቀጥሎ።

«መልሱስ?» አልኩት።

«ሙሉ ነው። እጥፉ።»

ላከልኝ። ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እኛ ፀሐይ አጠገብ ጊዜ እንደሚዘገይ አስልተናል፤ ግማሹ እሱ ነው። ይኼ ሰው ቦታው ራሱ እንደሚጎብጥ ጨመረበት። ሌላው ግማሽ! ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለቱ ይደመራሉ... እዚያ ስደርስ ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ። አላገኘሁም፤ በመብራት ደረሰኙ ጀርባ ላይ ደገምኩት። ትክክል። ሁለቴ ደገምኩት።

ይኼን ሰው ነው ያባረርኩት።

እሑድ፣ ጁን 1

ባራሳ «ዝም ብለሽ መልሺው፣ ማን ያውቃል?» አለ። እኔ አውቃለሁ አይደል? ለሁሉም ጻፍኩ። መፍትሔው ከሳምንት በፊት ተለጥፎ እንደነበር፣ ሳላነብ እንዳጠፋሁት፣ ያመጣውንም ሰው እንዳስወጣሁት። አራቱን ገጽ ከሥሩ ለጠፍኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስድሳ ሰው ጻፈ። መነኩሲቷ፦ «ቦታው! ሞኞች ነን እኮ።»

ለኤ.ኤ. ለብቻው ልጽፍለት ስል አይሄድም። ዘግቶብኛል። ባራሳ ጻፈለት። ከሰዓት በኋላ መልሱን ላከልኝ፦

«ቲቸር አቾላን አውቃቸዋለሁ። ፎርም ፎር አስተምረውኛል። ዘጠና ሰባት ሰጥተውኝ ነበር፤ ሦስቱን የቀነሱብኝ በዩኒት ነው። እንደገና ለመታረም አልመጣም። አዶዮ አግዋንዳ።»

አዶዮ... ሰውዬ ስል የከረምኩት ሴት ናት። ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ፣ እርሳሷን የምትነክሰዋ። ፊዚክስ አጥኚ ብዬ የገፋኋት እኔው ነኝ። ማስተርሷን ጨርሳለች፤ እኔ ያልጨረስኩትን። የማስተማር ሥራ ስታጣ ቡሲያ ድንበር ላይ የጭነት ሰነድ ታስጨርሳለች አለ ባራሳ። መኪኖቹ ተራ ሲጠብቁ እሷ ታሰላለች።

ይቅርታ ብዬ ልጻፍ? ጽፌያለሁ። አልበቃትም። ምን ይበቃታል?

ረቡዕ፣ ጁን 4

ሦስት ቀን ሠራሁት። ያንኑ ጥያቄ፣ እሷን ሳልገለብጥ፣ ፍጥነቱን አንድ ብዬ። አንድም ኪሎ፣ አንድም ሜትር የለበትም። እጄ እምቢ አለኝ፤ ሁለቴ ዩኒት ጽፌ ሰረዝኩ። ስድስት ገጽ ወጣው፤ የእሷ አራት ነው።

በባራሳ በኩል ላክሁላት። ከላዩ «ይታረምልኝ» ብዬ፤ ሌላ ቃል የለም።

ኦኩሙ ስልኬን ስመለከት አይቶ፦ «የፊቢ እናት፣ ውጤት ትጠብቂያለሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«ፈታኙ ማነው?»

«ተማሪዬ።»

«አይ... ወድቀሻል በይው።»

ዓርብ፣ ጁን 6

መልስ የለም። ቡድኑ ውስጥ ግን አዲስ ሰው ይገባል፤ መቶ ሰባ አራት። ቀጣዩን ጥያቄ ይጠይቁኛል። ጠብቁ እላለሁ። እኔም እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ኢዲት ፀጉር ቤት። ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ሹሩባው በግራ በኩል አልቋል፤ የቀኙ እንደ ቁጥቋጦ ቆሟል። ኢዲት «ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ» ትለኛለች በየደቂቃው።

ስልኬ ጮኸ። አዶዮ። ራሷ፤ ከፍታልኛለች።

ስድስቱም ገጽ ታርሟል። በቀይ። በየመስመሩ ምልክት አለ፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ። መጨረሻው ላይ ዘጠና ሰባት። ከሥሩ፦ «ሦስት ነጥብ ቀንሻለሁ። ምን ምኑን አንድ እንዳደረጉ ገጽ አንድ ላይ አልጻፉም።»

በሳቅ ስንፈራፈር ኢዲት ጆሮዬን በማበጠሪያ ወጋችኝ።

ሦስተኛውን ሕግ እዚሁ ወንበር ላይ ቀየርኩት። ዩኒት ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ምኑ አንድ እንደሆነ መጀመሪያው መስመር ላይ ይነገር። የሚያጠፋም ሰው ከመጀመሪያው መስመር አንብቦ ያጥፋ። አዶዮን መልሼ አስገባኋት፤ አስተዳዳሪም አደረግኋት። ሦስት ሆንን። ባራሳ፦ «እንኳን ደህና መጣሽ። ቲቸርን ማስወጣት ትችያለሽ አሁን።» እሷ፦ «አያለሁ።»

ደግሞ ጮኸ። «ቲቸር፣ ወደ ናይሮቢ እየሄድኩ ነው። ኪሱሙ መናኸሪያ ደርሰናል፣ ሃያ ደቂቃ እንቆማለን። ቀጣዩን ጥያቄ በወረቀት ይዣለሁ። ስልክ ላይ አይነበብም።»

ሃያ ደቂቃ። በሞተር ስድስት ደቂቃ ይፈጃል።

«ወዴት?» አለች ኢዲት። «ቁጭ በይ፣ ግማሹ ቀርቷል።»

«ሌላው ግማሽ ሰኞ።»

«በዚህ ጭንቅላት?»

ሞተሩ በሩ ላይ ነው። ሄድኩ።