ከአንድ ካርቶን የወጡ አራት ዲስኮች

ይድረስ ለወንድሜ ለሰሊም፤ ካለህበት ከሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረምክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ሳጂዳስ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አበቀለች? ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች እስከ በሩ ትሄዳለች። ዝናቡ ቆላው ጎልቦ ላይ ጥቂት ጣል አድርጎ ጠፍቷል። ሰላምታው ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ሰላም የለኝም።

ስደውልልህ ደንበኛ ይዣለሁ ትላለህ። ድምፅ ቀድቼ ስልክልህ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። አውራ ጣት! ወረቀት አይቋረጥም፣ አውራ ጣትም የለበትም። በቦረንኛ ብቆጣህ ትስቃለህ፤ በስዋሂሊ ብቆጣ ፖሊስ እመስላለሁ። ስለዚህ አባባ ይቆጣን በነበረበት አማርኛ እየተቆጣሁህ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ታስታውሳለህ አይደል? ለዒድ የመጣህ ጊዜ ያን ጥቁር ሳጥን ከልብስህ መሀል አወጣህና ሱቄ ውስጥ፣ የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥከው። ባለ አራት ሃርድ ዲስክ። ሬይድ ይባላል አልከኝ፤ አራቱ እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ፣ አንዱ ቢሞት ሦስቱ የሟቹን ድርሻ አስታውሰው ለተተኪው ይነግሩታል አልከኝ። ደስ አለኝ። ሞት የማይደፍረው ነገር ቤታችን ገባ ብዬ። ዲስኮቹን እንደ ሚዜ ደርድረህ አሳየኸኝ፤ ከአንድ ካርቶን ናቸው፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ይስማማሉ አልክ።

ይስማማሉ! ተስማምተው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያደረግከውን ግን የረሳኸው ይመስለኛል። እማዬ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጠች ስታወራ በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ እሷው ራሷ በሚሞሪ እያስገለበጠች ለዘመድ ሰጥታው ነበር፤ ቦሪ ላለችው አክስታችን ለዋሪቱ፣ ጎልቦ ላለው ወንድሟ ለአቡያ ጅሎ፣ ለጎረቤት ሳይቀር። በእሷ ወገን ከብት የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ ሁሉ ባንድ በረት አይታጎርም። ላምህን ለዘመድ በደባሬ ትሰጠዋለህ። ወተቱን እሱ ይጠጣል፤ ላሟና ጥጃዋ ያንተ እንደሆኑ ይኖራሉ። ድርቅ ያንተን በረት ቢያራግፈው እሱ ዘንድ ያለችው ትተርፍልሃለች። ይህን እኔና አንተ ከጡት ጋር የጠባነው ነው። አንተ ግን መረጃ በሰው ኪስ አይቀመጥም ብለህ በሞተር ሳይክል ዞረህ ሚሞሪውን ሁሉ ሰበሰብክ። ሳጥኑ ውስጥ ገለበጥከው። ቦታ ይበላል ብለህ ስልኬ ላይ ያለውንም አጠፋህ። ሚሞሪዎቹን አጥበህ፣ ዘፈን ሞልተህ መለስክላቸው። እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ያለችህን ልጻፍልህ፤ ያኔ አፏ ምላጭ ነበር። በደባሬ የሰጠውን ከብት ባንድ ቀን የሚሰበስብ ሰው ወይ አገር ሊለቅ ነው ወይ አብዷል አለች። አንተ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ።

ረመዳን ሳይገባ ደም ግፊት ጣላት፤ አንደበቷንም ያዘው። ያን ታውቀዋለህ። የማታውቀው፣ ወይም ስነግርህ ያልሰማኸው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ምን ይሠራልን እንደነበር ነው። የምታክማት ነርስ የእማዬን የራሷን ወሬ አሰሟት፣ አፍ የለመደውን ይፈልጋል ብላን ነበር። በየቀኑ ሱቅ አመጣትና ከሳጥኑ እከፍትላታለሁ። ድሮ የተናገረችውን ከንፈሯ ይከተላል፤ ድምፅ ሳይኖረው፣ ጥላ ሰውን እንደሚከተል። ወደ ቃል እየቀረበች ነበር። አየሁት እኮ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ያኔ ነው አንዱ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት የጀመረው። ቀይ መብራት በራ። ደወልኩልህ። መጀመሪያ የእማዬን ድምፅ ወደ ሌላ ቦታ ልገልብጥ አልኩህ። አትነካኪው፣ ለዚሁ ነው የተሠራው፣ ተተኪ እልካለሁ አልከኝ። ተተኪው በነጋዴው በሀቢቦ ጆንያ ከሽቶና ከጨርቅ ጋር ተጭኖ መጣ። ከተትኩት። ሦስቱ ለአዲሱ መንገር ጀመሩ። ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን። መብራት ይሄዳል፣ ባትሪ ይይዘዋል፣ መብራት ይመጣል። ማራገቢያው ያቃስታል። ስንት በመቶ እንደደረሰ የሚያሳየው ቁጥር ከፍ ሲል ተቀምጬ አያለሁ። መቶ ሳይሞላ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ዝም አለ። የመጀመሪያው ሲሞት ቢያንስ ጮኾ ነበር። ይኸኛው ዝም ብቻ ነው ያለው። ሁለት ሲጎድል ደግሞ የሚያስታውስ የለም።

ዋናው መንገድ ላይ ኮምፒውተር የምትጠግነው ግሬስ አንድ በአንድ መረመረቻቸው። አዲስ ያልካቸው አዲስ አይደሉም ሰሊም። ሌላ ቦታ ለዓመታት ሌት ተቀን ሲሽከረከሩ ኖረው፣ ታጥበው፣ አዲስ ስቲከር ተለጥፎባቸው የመጡ ናቸው። ሞያሌ ገበያ ላይ ጥርሱን ሳያይ በሬ የሚገዛ አለ? አንድ ዓይነት፣ ባንድ ሰሞን የተሠሩ፣ እኩል የደከሙ። አንዱ ሲወድቅ ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ እነሱም መውደቂያቸው ደርሶ ነበር። ተተኪውማ የባሰበት ነው። ለቤት ኮምፒውተር የተሠራ ርካሹ ዓይነት ነው። የሚጽፈውን መስመር እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንዷን ቆርቆሮ ለመለወጥ ጎኗ ያሉትን ሁሉ መንቀል አለብህ። ሦስቱ ይነግሩታል፣ እሱ ይዘገያል፣ እነሱ እንደገና ይነግሩታል። ሲለፉ አንዱ ሞተባቸው። ፖሌ ዳዳ፣ አይዞሽ እህቴ፣ አለችኝ ግሬስ፤ ሬይድ የሱቅሽ ሥራ እንዳይቆም ነው እንጂ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂን አይተካም አለችኝ። ናይሮቢ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ ብላለች፤ ተስፋ ግን አልሰጠችኝም። መብራት እንዳላስነካቸው አስጠንቅቃኝ አሁን በእማዬ ሻሽ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እንደ አስከሬን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከምትሠራበት ሱቅ ነው የገዛሃቸው። ታውቅ ነበር? ስቲከሩ ሲለጠፍ አይተህ ታውቃለህ? አውቀህ ከሆነ ምን እንደምልህ አላውቅም። ሳታውቅ ከሆነ ደግሞ ይኼ ሁሉ ዓመት እዚያ ምን ስታይ ነበር? ይህችን ጥያቄ ጽፌ ሰርዤያት ነበር፤ መልሱን ፈርቼ። አሁን መልሼ ጽፌያታለሁ፤ አልሰርዛትም።

የሠርጓ ቪዲዮ አብሮ የጠፋባት ሮዛ የምትባል ሙሽራ በሱቄ በር ባለፈች ቁጥር፣ ነጂባ፣ ሠርጌን በላሽው ወይስ ለራት አስቀመጥሽው ትለኛለች። መንገደኛው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሮዛ ንዴቷ ቢበዛ ቀሚሷን ለብሳ ዳግም ትጨፍርልኛለች። እማዬ ግን መጥታ በዱላዋ ሳጥኑን ነካ ነካ ታደርግና ፊቴን ታያለች። እየተሠራ ነው እላታለሁ። ዱላዋን ታወርዳለች። የሚያስፈራኝን ልንገርህ? ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው። ያለችውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ግን በራሴ ድምፅ ነው የምሰማው። ቦሪ ድረስ ሄጄ የአክስታችንን ሚሞሪ ከፈትኩ። ዘፈን። አንተ የሞላኸው ዘፈን። ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ምናልባት ከመሀሉ ብትወጣ ብዬ።

ባለፈው ሳምንት አቡያ ጅሎ ፍየል ሊሸጥ ከጎልቦ መጣ። ያኔ ስትሰበስብ ሚሞሪዬን ግመል በላው ብሎህ ነበር፤ አንተም አመንከው። አልበላውም። ትምባሆውን ከሚቋጥርባት ጨርቅ ፈትቶ አወጣው። በዚህ ውስጥ ስለ ቀዩ ግመል ተከራክረን እህቴን ያሸነፍኳት እኔ ነኝ፣ ለዚያ ሰብሳቢ ብሰጠው ድሌን ያጠፋብኝ ነበር አለኝ። ተናዶ «ወንድምሽ» ማለት እንኳ ተሳነው። ይኸው ነው ሚስጥሩ። ለፍቅር ብሎ አይደለም ያስቀመጠው፣ ለክርክር ነው።

እማዬንና እሱን አስቀምጬ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ሳሏ። ከዚያ ጅሎን ስትሰድበው፤ አንተ ግመልና አህያ የማትለይ፣ ያ ግመል የእናቴ ግመል ልጅ ነው እያለች። መጨረሻው ላይ ጅሎ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ መልስ ታጣለች። አሸነፍኩ የሚለው ያቺን ነው። እዚያች ዝምታ ላይ ስንደርስ እማዬ፣ የዛሬዋ እማዬ፣ ደህናውን እጇን አነሳች። ጣቷን ጅሎ ላይ ቀሰረችና ሶባ አለች። ውሸት ነው ማለቷ ነው። ግማሹ ምራቅ ነበር፤ ግን ቃል ነበር። ጅሎ አለቀሰ። ከዚያ ዕንባውን ሳይጠርግ፣ አሁንም ያሸነፍኩት እኔ ነኝ አላት።

ይኼ ሁሉ ወር ሊያወጣው ያልቻለውን ቃል ንዴት አወጣው። ስለዚህ ንዴቴን አትናቅብኝ። ቅጂውን ወስጄ ስጨርስ ደግሞ እማዬ ሚሞሪውን ከእጄ ተቀብላ ለጅሎ መለሰችለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት።

ሳጥኑ ያስፈልገኛል፤ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ስማኝ። ከአንድ ካርቶን አትግዛ። ሌት ተቀን እንዲሠራ የተሠራውን፣ መስመሩን የማይደርበውን ዓይነት ለይተህ ጠይቅ። አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ፤ በተለያየ ሰሞን የተሠሩ ይሁኑ። ከመላክህ በፊት ሰክተህ ዕድሜውን እይ፣ አስለፋው፣ ቢያቃስት እዚያው ያቃስት። ሁሉንም ለሀቢቦ አትስጥ፤ ጆንያ ከመኪና ላይ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁ። ጥርሱን እይ ሰሊም። ጥርሱን።

ለሳጂዳ ሰላም በልልኝ፤ እሷን አልተቆጣኋትም። ልጅህን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አብሮህ ለሚሠራው ለአብዱብ ሰላም በለው፤ እናቱ ቦሪ ደህና ናት፣ እንዳልደውልለት ልጄ ሥራ ይፈታል ትላለች፤ ይደውልላት። አክስታችን ዋሪቱ ሰላም ብላሃለች፤ ዘፈኑ አልጣማትም። አቡያ ጅሎ ግመሉ ደህና እንደሆነ፣ ምንም እንዳልበላ ንገሪልኝ ብሏል። እማዬ ስምህን ስጠራላት ወደ በሩ ታያለች።

ፖስታው ውስጥ ሚሞሪ አለ፤ የእማዬና የጅሎ ክርክር ነው። አንዱ ጎልቦ አለ፣ አንዱ ቦሪ፣ አንዱ እኔ ዘንድ። ይኼ በደባሬ የሰጠሁህ ነው። አያቷን ሰምታ የማታውቀው ልጅህ ትስማው። ወተቱ የእናንተ ነው። ላሟ የእማዬ ናት።

እህትህ ነጂባ
ማንያታ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.