ቦዩን ከሥዕሉ አላወጣም ያሉት ሠዓሊ ረድኤት ደጀኔ

ሠዓሊ ረድኤት ደጀኔ ከአባታቸው ከአቶ ደጀኔ አሥራትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናልበሽ ገብሬ በ1971 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ እዚያው አጠናቀቁ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ይህን በሕይወት ሳሉ እንደ ነውር ያነሡባቸው ለነበሩት ዛሬም እንመልሳለን፤ አዎ፣ አልረገጡም።

በ1994 ዓ.ም. ወደ ሮቤ ሄደው ታፔላ መጻፍ ጀመሩ። የሥጋ ቤት በር፣ የፀጉር ቤት መስተዋት፣ በኋላም የባጃጅ ጀርባ ያላቀለሙት አልነበረም። የቀለም ምርጫቸውን የወሰዱት ከፓስታ ካርቶን፣ ከብስኩት መጠቅለያና ከገበያ ጃንጥላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከመምህር ፍቅረሥላሴ ታዬ ጋር ትዳር መሥርተው ልደትንና ኪያን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት የባለሱቁ የሐጂ ወዚር የልጅ ልጅ ቢፍቱ ክዳን በሌለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ቦዩ አጠገብ «ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ቢፍቱ ግን ገና ፊደል አልቆጠረችም። ሠዓሊ ረድኤት በሐጂ ወዚር ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከቦዩ ትይዩ፣ ቦት ጫማ የተጫማ፣ ጥርሱ የገጠጠ፣ ቦይ ዳር ቆሞ እጁን ዘርግቶ መንገደኛ የሚያስቆም፣ በባሌ ተራሮች በሰነቲ አምባ የሚኖረውን ፍልፈል ሣሉ። የሰፈሩ ልጆች ጉቱ አሉት። ከዚያ ወዲህ ልጅ አልወደቀም።

አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ግን «አይጥ በግድግዳ! ከተማ ማዋረድ ነው» አሉ። አጥፉት ሲባሉ ሐጂ ወዚር «ጉቱ እንግዳዬ ነው፤ ከኔ ቤት እንግዳ አይባረርም፣ ወላሂ!» ብለው መለሱ። ባለሥልጣን ይመጣል በተባለ ጊዜ፣ ሐጂ ለጁምዓ ሶላት በሄዱበት ግድግዳው ኖራ ተቀባ። በማግሥቱ የባለሥልጣኑ መኪና የፊት ጎማ እዚያው ቦይ ገባ። ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ «በሉ እንግዲህ ኖራውን ጠይቁት!» ሲሉ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቀረጻቸው፤ ቪዲዮው አገር አዳረሰ። ሠዓሊዋም ጉቱን በኖራው ላይ ደግመው ሣሉት።

ቪዲዮውን ያዩ የአንድ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጆች አዲስ አበባ ጠሯቸው። ጉቱን ወደውታል፤ ቦዩ ግን ከሥዕሉ ወጥቶ በምትኩ የአበባ መስክ እንዲገባ ፈለጉ። «ልጆች ቆሻሻ ውኃ ማየት አይወዱም» አሏቸው። ሠዓሊ ረድኤት «አይወዱማ! ይወድቁበታል እንጂ» ብለው ውሉን ሳይፈርሙ ተመለሱ። ዕድሏን ረገጠች ያላቸው ብዙ ነው፤ ንቅንቅ አላሉም።

አዘጋጆቹ በዓመቱ ሮቤ ድረስ መጡ። በ2012 ዓ.ም. ጉቱ ከነቦዩ፣ ከነቦት ጫማው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ እንደ ሮቤ ልጅ እያወራ በቴሌቪዥን ታየ። ሮቤን በካርታ እንኳ የማያውቁ ሕፃናት ቦይ አጠገብ ሲደርሱ «ቁም! ጉቱ አይቶሃል!» መባባል ጀመሩ። ኖራ ያስቀቡትም ከግድግዳው ፊት ፎቶ ተነሡ። ከነሱ መካከል ዛሬ እዚህ ለስንብቷ የተገኙ አሉ፤ እንኳን መጣችሁ፣ ይህንንም ስሙ።

ሠዓሊ ረድኤት ባደረባቸው የካንሰር ሕመም በጎባና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ሌላ እናታቸውና ታናሽ ወንድማቸው ዳግማዊ በሐዘን ቀርተዋል።

መንገዱ በስማቸው ይሰየም የሚል ሐሳብ መነሣቱን ሰምተናል። ቤተሰቡ ያመሰግናል። ቦዩ ግን እስከ ዛሬ ክዳን የለውም፤ እሱ ሳይከደን በእኅታችን ስም ታፔላ አይተከልም። ከተተከለም እንነቅለዋለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለከተማችንም ጥቂት እፍረት ይስጥልን። አሜን።