ከወንዙ ማዶ ያሉ ወዳጆች

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3
ዝናብ። ልምምድ። ጉልበቴ ያው ነው... ይጮኻል።
የዘንድሮው የክለባችን መጽሔት ወጣ። እንደ ወጉ በየተጫዋቹ ስም ሥር የማልያው ስፖንሰር ተጽፏል፤ ዳቦ ቤቱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ የአንዱ አክስት። በእኔ ስም ሥር «ክፍት ነው» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስፖንሰሬ የነበረው ሥጋ ሻጩ ጌደስ ዘንድሮ በረኛውን መርጧል። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቀው፣ «ኢነስ፣ በረኛው ቢያንስ ኳስ ይነካል» አለኝ። ሥጋ እየቆረጠ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15
አሰልጣኙ ሌድሎ ጠራኝ። ስፖንሰር የሌለው ተጫዋች ከገና አያልፍም፣ ኮሚቴው ወስኗል አለ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ማን ይወስደኛል? ለኢንቨርካርን አማካይ ከመሆን ሌላ ምን አውቃለሁ? ለሚስቴ ለሞራግ አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9
ተገኘ! በስሜ ሥር «ከወንዙ ማዶ ያሉ ወዳጆች» ይላል። ወዳጆች? ከወንዙ ማዶ ያለው ደንሎሪ ብቻ ነው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ ዓይንህን ለአፈር የምንባባል... ሞራግ ቀድሞ ገባት። «የእነሱ ደጋፊዎች ናቸው እኮ። ከቡድኑ እንዳትወጣባቸው ነው» ብላ በሳቅ ተንከባለለች። በባል ላይ እንዲህ ይሳቃል?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10
ልሳደብ ተሻግሬ መጠጥ ቤታቸው ገባሁ። ቆመው አጨበጨቡልኝ። የደጋፊዎቹ አለቃ ሽማግሌው ካርጊል ወንበር ሳቡልኝ። አምና ለራሴ በረኛ ብዬ የመለስኳትን ኳስ አጥቂያቸው ቀምቶ አግብቷት ዋንጫ በልተዋል። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል... «ልጄ፣ ያቺን ቀን ሳላያት ብሞት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ስድቤን ዋጥኩት። የሥጋ ፓይ ጋበዙኝ፤ ሁለት በላሁ። ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23
ማዶዎቹ ሜዳችን ድረስ እየመጡ በስሜ ይዘምራሉ። ሌድሎ ሊቀይረኝ ሲነሳ ይጮኹበታል። ስፖንሰር ስላለኝ ውሌ እስከ ሜይ ተራዘመ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 2
ደርቢ፣ ከደንሎሪ ጋር። ዜሮ ለዜሮ። ሊያልቅ ሲል ኳሷ እግሬ ሥር መጣች። በረኛቸው ወድቋል፣ ጎሉ ባዶ። ከጎሉ ኋላ ማዶዎቹ በስሜ ይዘምራሉ፣ ካርጊል ባርኔጣ ያውለበልባሉ። እኔን ብሎ ብርድ ላይ የቆመ ሌላ ሰው አለ? ወደ ውጭ ልጠልዛት አልኩ... ማን ይገርመዋል? እግሬ አልሰማኝም። ገባች።
ዝማሬው ቀጥ አለ። ካርጊል ባርኔጣቸውን እስከ ዓይናቸው አጠለቁት። የኛዎቹም ማመን አቅቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ድምፅ ማጉያው የሌላ ሰው ስም ጠራ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20
ካርጊል ቤቴ ድረስ መጡ። ተቀይመው የቀሩ መስሎኝ ነበር። «ማግባት ከቻልክማ ለምን ለነሱ?» አሉ። ክለባቸውን ወትውተው ሊያስገዙኝ ነው። የኛ ኮሚቴ ጥያቄው ሳያልቅ እሺ አለ። ትንሽ እንኳ አይለምኑኝም? አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19
የመጀመሪያ ጨዋታዬ በደንሎሪ ማልያ። ጉልበቴ ያው ነው። ሁለት ኳስ ለተቃራኒ አቀበልኩ። ካርጊል እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው አየኋቸው።
ማታ መጽሔታቸውን ገለጥኩ። በስሜ ሥር... «ከወንዙ ማዶ ያሉ ወዳጆች»። መዋጮውን የጀመረው ሥጋ ሻጩ ጌደስ ነው አሉ። ኢንቨርካርን አንድ ሰው ሳይቀር አዋጥቷል። እናቴም አለችበት።
ደወልኩላት። «በርታ ልጄ» አለችኝ፣ «እዚያው ቆይልን።»