የአባዬ መኪና አዲሱ ፓምፕ

አባዬ፣

የጭነት መኪናህ የቤንዚን ታንክ ባለፈው ሳምንት ከላይ ተቆርጦ አዲስ ፓምፕ ገባበት። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። እማዬ ደህና ናት። እዚህ ኢየሩሳሌም ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ያለው ቤታችንም እንደተውከው ነው።

በበጋው አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ሊገዛት መጥቶ ነበር። ምንም እንዳትነኩባት፣ ጥንት እንደተሠራች ነው የምፈልጋት አለን። ወንድሜ ያኢር ግን ፓምፑ ይለወጥና ትሥራ እንጂ አትሸጥም ብሎ ተከራከረ። የአሮጌውን ፓምፕ ጠባይ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ስለሚግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንንና ዳገት ላይ ቀጥ ትላለች።

የዚያን ዓመት ስግድ፣ የእኛን የቤተ እስራኤልን የጾምና የጸሎት በዓል፣ ታስታውሳለህ? የሽማግሌዎቹን ወንበርና የመጠጥ ውሃ ጭነን ወደ ጸሎቱ ቦታ ስንሄድ ዋናው መንገድ ተዘግቶ በኢትዮጵያ ጎዳና ዞርን። እዚያ ጠባቡ ላይ ቆመች። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። አንተ ጨርቅ አርሰህ ፓምፑ ላይ ስትጠመጥም፣ እዚያ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር አንድ መነኩሴ ባልዲ ውሃ ይዘው ወጡ። “መኪናዎም ይጾማል እንዴ?” ቢሉህ፣ “የእኛስ ዛሬውኑ ይፈታል አባ፣ የእናንተ ነው ማለቂያ የሌለው” አልካቸው። ሁለታችሁም የጎንደር ሰው ነበራችሁ። መኪናዋ በርዳ ከተነሣች በኋላ እንኳ ወሬያችሁ አላለቀም።

እማዬ የገዢውንም የያኢርንም ክርክር ሰማችና ያኢርን “ታንኩን ቁረጠው” አለችው። ከተቆረጠ ገዢው እንደማይመለስ ታውቃለች።

ያኢር ያመጣው ፓምፕ ከአዲስ የቤት መኪና የወጣ ነው። ፓምፑ፣ ማጣሪያውና የቤንዚን መለኪያው በአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ናቸው። ቤንዚኑ ውስጥ ጠልቆ ስለሚሠራ አይግልም። ቁመቱ ግን ከታንካችን ጥልቀት በለጠና እግሮቹን ማሳጠር ነበረበት። ግፊቱም ለካርቡራተሩ ስለሚበዛ መቀነሻ አስገባለት፤ የተረፈው ቤንዚን የሚመለስበት ቱቦም ጨመረ።

ከመቁረጡ በፊት ታንኩን በሳሙና አጥቤ ጨርሻለሁ አለ። እማዬ መች ሰምታው! አንተ እሳት ከማስጠጋትህ በፊት ታንክ በውሃ ስትሞላ እያየች ነው የኖረችው። የውሃውን ጎማ ጎትታ ራሷ ሞላችው። “ኢማ፣ ዓሣ ልናረባ ነው?” አላት ያኢር፣ እንደ ልማዱ እናቱን በዕብራይስጥ ጠርቶ። “አንተን ከምቀብር ዓሣ ላርባ” አለችው።

ተሳካ ብለን ነበር። ያኢር እንደ አንተ ታንኩን ሞልቶ ሞከራት፤ ከግማሽ በታች ይዞ መንዳት በቤታችን ነውር ነውና። ጎረቤት ሰፈራችንን ፒስጋት ዘኤቭን ዞራ ስትመለስ አላንገራገረችም። ቤንዚኑ ሲቀንስ ግን ዳገቱ ላይ ማሳል ጀመረች። ለካ ስትወጣ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከፊት የተቀመጠው ፓምፕ አየር ይስባል። በሸጥናት ኖሮ ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኢር ታንኩን እንደገና አወረደ። በፓምፑ ዙሪያ ቤንዚን ይዞ የሚያቆይ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ሠራለት። እማዬም ማንንም ሳትጠይቅ እንደገና ውሃ ሞላች። ትናንት ሩብ ብቻ ይዛ ያንኑ ዳገት አንድ ጊዜም ሳታስል ወጣች። እማዬ በአንተ ቦታ ሳይሆን እንደ ድሮው በጎን ወንበር ተቀምጣ ነበር። ስትወርድ የሞተሩን መከለያ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

አሁን የቀረው ቴስቱ፣ ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ነው። መርማሪው የተለወጠውን ታንክ ከተቀበለ በዚህ ስግድ ወንበሮቹን የምትወስደው እሷ ናት። ካልተቀበለ መንገድ ላይ አትወጣም፤ ለወንበሮቹም የሰው መኪና እንለምናለን። ያም ሆነ ይህ እኔ እሄዳለሁ። ቄሶቹ ሲጸልዩ ስምህን ከነአባትህ እጠራለሁ፤ አማርኛው ለሚከብዳቸው ልጆቼም አጠራሩን እያስተማርኳቸው ነው። እኔ ባልኖርም ይጠሩሃል።

የቴስቱ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ልጅህ