ሆድ ያወጣው ግድግዳ

ውድ ዘኖቢያ፣

ባለፈው እሁድ እኔን አያትሽን በስልክ “ጃጃ፣ ሳትቀልድ ንገረኝ፤ ምድር ቤቱ ያስተኛል?” ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ “ከእናትሽ ወጥ የበለጠ ያስተማምናል” ብዬሽ ነበር። ስለ እናትሽ ወጥ ያልኩት እውነት ነው። ስለ ምድር ቤቱ ግድግዳ ግን ዋሽቻለሁ።

በጥቅምት፣ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ሚልዋኪ ልትመለሺ እንዳሰብሽ ስትነግሪኝ ባትሪ ይዤ ከመሬት በታች ወዳለው ምድር ቤት ወረድኩ። ሁለት ስንጥቅ አገኘሁ። የምሥራቁ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ፀጉር የመሰለ ነው፤ ጥፍር እንኳ አያስገባም። ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚተወው ነው፤ እንደ እኔ ፊት መጨማደድ፣ ያስጠላል እንጂ አይጎዳም። የሰሜኑ ግን አግድም ነው፤ በግድግዳው ወገብ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። አፈሩ ከውጭ ሲገፋ እንደዚያ ይሆናል። አርባ ዓመት ግንበኛ የነበርኩ ሰው ይህን አላጣሁትም። ግን አልነገርኩሽም።

እንደ ሙያችን ልማድ በሁለቱም ላይ ቀጭን መስታወት በልስን አጣብቄ ቀኑን ጻፍኩበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። የምሥራቁ እስካሁን ደህና ነው። የሰሜኑ በየካቲት፣ ውርጩ አፈሩን ሲያሳብጠው፣ ለሁለት ተሰበረ።

እኔም አነሳሁትና ሌላ መስታወት ለጠፍኩ። የጥቅምቱን ቀን ጻፍኩበት። “አልተነቃነቀም” ብዬ ፎቶ የላክሁልሽ የእሱን ነው።

ማክሰኞ ጎረቤቴ ቦሌክ ቱንቢውን ይዞ መጣ። ክሩን ከጣሪያው አወረደና ሳቀ።

“አንተ ሽማግሌ፣ ግድግዳህ ሆድ አውጥቷል እኮ!”

“ካንተማ አይብስም።”

“የእኔ ሆድ ማንም ላይ አይወድቅም።”

ያኔ አንቺ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። የሕፃኑን አልጋ በሰሜን በኩል፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ እንደምታደርጊው ነግረሽኝ ነበር።

ለምን እንዳደረግሁት ብዙ አላወራም። ሳስነጥስ “ይማርህ” የሚል ሰው በዚህ ቤት የለም፤ ያ ነው ነገሩ።

ፍርዴ ይኸው። ግድግዳው ነገ አይወድቅም፤ ሳይጠገን ግን ማንም አይተኛበትም። አፈሩ ከውጭ ይቆፈራል፣ ከውስጥ ብረት ይቆማል፣ አሥር ዓመት “ነገ አስተካክለዋለሁ” ያልኩት አሸንዳም ውሃውን አርቆ እንዲያፈስ ይደረጋል። አባቴ ይህን ቤት በክሪክ ወደ ላይ አንስቶ ምድር ቤቱን ከስሩ ሲሠራ፣ እኛ ልጆቹ በላይኛው ቤት ተኝተን ነበር። አንቺም እስኪጠገን ከላይ፣ እኔ ክፍል፣ መተኛት ትችያለሽ፤ እኔ ሶፋው ላይ አንኮራፋለሁ። አልመጣም ካልሽም አልቀየምም። ትንሽ አኮርፍ ይሆናል።

በፖስታው ውስጥ በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ስትፈቺ ጣትሽን እንዳይቆርጥሽ። በየካቲት የተሰበረው የሰሜኑ መስታወት ነው፤ ሁለቱም ቁራጭ፣ ከነቀኑ። በስልክ ከዋሸሽ ሰውዬ ይልቅ እሱን እመኚ።

ግንበኛው አያትሽ፣
ጃጃ ካዚሚየርዝ